ሕፃኑ ሲጠይቅ፦ በአጥቢያ ዐጸደ ሕፃናት በፕሮጀክት ማስተማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 እስራኤል ዮርዳኖስን በደረቅ ከተሻገሩ በኋላ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮችን ከወንዙ መካከል አንሥተው በጌልገላ እንዳቆሙ እናነባለን። የድንጋዮቹ ምክንያት ሲነገር ትምህርቱን የሚጀምረው አስተማሪው አይደለም። ልጆች ድንጋዮቹን አይተው ይጠይቃሉ፤ አባቶችም በዚያን ጊዜ ይመልሱላቸዋል። የፋሲካ ሥርዓት በተሰጠበት በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 ያለውም አካሄድ ይኸው ነው። ጌታችንም በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ በተገኘ ጊዜ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማና ይጠይቅ እንደ ነበር ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጽፎልናል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይገኛሉ፤ በዓይን የሚታይ ነገር፣ የልጅ ጥያቄ፣ የታላቅ መልስ።

በየአጥቢያችን በሚገኙት ዐጸደ ሕፃናት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሦስተኛው ብቻ ነው። ሕፃኑ ሳይጠይቅ መልስ ይሰጠዋል፤ ያላየውን ነገር ስም ይሸመድዳል። ይህ ጽሑፍ የሚታየው ነገርና ጥያቄው ወደ ክፍላችን የሚመለሱበትን አንድ መንገድ፣ ይኸውም ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት በፕሮጀክት ማስተማርን፣ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

ከስሕተት የተገኘ ትምህርት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ደብር ቅጥር ግቢ የተከፈተን ዐጸደ ሕፃናት እንድደግፍ ተመድቤ ነበር። አንድ ክፍል፣ አንዲት መምህርት፣ አንዲት ረዳትና አርባ ያህል ሕፃናት ነበሩ። ሕፃናቱ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠው በሰሌዳ የተጻፈውን በኅብረት ያነብባሉ፤ ከዚያም በደብተር ይገለብጣሉ። እኔም በሥልጠና ያገኘሁትን ሁሉ በአንድ ቀን ለማካፈል ቸኰልሁ። «ከዛሬ ጀምሮ በፕሮጀክት አስተምሩ» አልሁ፤ ርእሱንም «መጓጓዣ» ብዬ ራሴ መረጥሁ። የባቡር፣ የመርከብና የአውሮፕላን ሥዕሎች ከከተማ ገዝቼ አመጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ሥዕሎቹ በግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ሕፃናቱም «ባቡር፣ መርከብ፣ አውሮፕላን» እያሉ በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። ባቡር ያየ ሕፃን አልነበረም፤ ስለ ባቡር የጠየቀም አልነበረም። የሚሸመደደው ቃል ተለወጠ እንጂ የትምህርቱ መንገድ አልተለወጠም። ጥፋቱም የመምህርቷ ሳይሆን የእኔ ነበር።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ በቅጽሩ በር አጠገብ ከሚገኘው ትልቅ ወይራ አንድ ቅርንጫፍ ገነጠለ። በማግስቱ ሕፃናቱ ወደ ክፍል መግባቱን ትተው ዛፉን ከብበው ቆሙ። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ «ዛፉን አመመው?» ብላ ጠየቀች። ሌላው ተከትሎ «ደሙ የታለ?» አለ። መምህርቷ እንደ ልማዷ ልትሰበስባቸው እጇን ካነሣች በኋላ ቆም አለችና «ስለዚህ ዛፍ ሌላስ ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?» አለቻቸው። እርሷ እንደ ነገረችኝ፣ በዚያ ጠዋት የተሰማው የሕፃናት ንግግር በዓመቱ ሁሉ ከተሰማው ይበልጥ ነበር።

ፕሮጀክት ስንል ምን ማለታችን ነው?

እኛ በልማት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች «ፕሮጀክት» የሚለውን ቃል ስንሰማ በጀት፣ የሥራ ዘመንና ሪፖርት ይታወሱናል። በሕፃናት ክፍል ግን ቃሉ ሌላ ትርጕም አለው። ሕፃናት በአካባቢያቸው የሚገኝን፣ ሊዳስሱትና ሊመለከቱት የሚችሉትን አንድ እውነተኛ ነገር መርጠው፣ ስለ እርሱ ጥያቄ አንሥተው፣ ለሳምንታት መርምረው፣ ያገኙትን ለሌሎች የሚያሳዩበት የትምህርት መንገድ ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ በከፈተው የሙከራ ትምህርት ቤት ሕፃናት በምግብ ሥራ፣ በሽመናና በእንጨት ሥራ እየተማሩ ወደ ንባብና ወደ ቍጥር እንዲደርሱ አድርጎ ነበር። የእርሱን ፈለግ የተከተለው ዊልያም ኪልፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1918 «የፕሮጀክት ዘዴ» በሚል ርእስ ያሳተመው ጽሑፍ ዘዴው በስሙ እንዲታወቅ አደረገ። ሊልያን ካትዝና ሲልቪያ ቻርድ የተባሉት መምህራን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ ለትንንሽ ሕፃናት የሚስማማውን አካሄድ በዝርዝር አብራርተዋል።

ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ግን የሰሜን ኢጣልያው የሬጆ ኤሚልያ ታሪክ ይመስለኛል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1945 እንዳበቃ በከተማው አቅራቢያ ያለች የአንዲት መንደር ነዋሪዎች ከጦርነቱ የተረፈ ታንክ፣ የጭነት መኪናዎችና ፈረሶች ሸጠው፣ ከፈረሱ ቤቶች ጡብ ለቅመው፣ በገዛ እጃቸው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሠሩ። ይህን የሰማው ወጣቱ መምህር ሎሪስ ማላጉዚ ወደ እነርሱ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ከእነርሱ ጋር ሠራ። ዛሬ ከብዙ አገሮች መምህራን ሄደው የሚጐበኙት የትምህርት መንገድ መነሻው ይህ የወላጆች ሥራ ነው።

የእኛም አባቶች ከዚህ መንገድ የራቁ አልነበሩም። ፊደል፣ መልእክተ ዮሐንስና ዳዊት በቃል ይጠናሉ፤ ይህም ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ጽሕፈት የሚማረው ደቀ መዝሙር ቆዳ ፍቆ ብራና ያዘጋጃል፣ ቀለም ይበጠብጣል፣ ብርዕ ይቀርጻል። ዜማ የሚማረውም ከመምህሩ አጠገብ በማሕሌት ቆሞ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ ይማራል። በቃል ማጥናትና በእጅ መሥራት በአንድ ጉባኤ ቤት አብረው ኖረዋል። ስለዚህ በፕሮጀክት ማስተማር ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር ነው ብለን ልንፈራው አይገባም።

ሦስቱ ደረጃዎች

ከላይ የተጠቀሰው የወይራ ዛፍ ፕሮጀክት ስድስት ሳምንት ያህል ፈጅቷል። በእርሱ ምሳሌነት የአሠራሩን ደረጃዎች እንመልከት።

አንደኛ፦ ጥያቄ መሰብሰብ። መምህርቷ ሕፃናቱ ስለ ዛፉ የሚያውቁትንና ማወቅ የሚፈልጉትን አንድ በአንድ ጠይቃ በትልቅ ወረቀት ጻፈች። «ማን ተከለው? ስንት ዓመቱ ነው? ማን ይኖርበታል? ምን ይበላል? ሌላ ወይራ ማብቀል እንችላለን?» የሚሉት ከዝርዝሩ ውስጥ ይገኙ ነበር። በዚህ ጊዜ የተሳሳተ አሳብ የሰጠ ሕፃን አልታረመም፤ አሳቡ እንደ ሌሎቹ ተጻፈ። ዛፍ ደም አለው ያለው ልጅ ስሕተቱን ኋላ ራሱ ከተሰበረው ቅርንጫፍ አጠገብ ያገኘዋልና። ይህ ደረጃ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቢወስድ ይበቃል።

ሁለተኛ፦ መመርመር። ይህ ረጅሙና ዋናው ደረጃ ነው። ሕፃናቱ ቅጠሉን በላይና በታች አይተው ሣሉ፤ ላዩ አረንጓዴ፣ ታቹ ፈዛዛ መሆኑን በራሳቸው ዓይን አገኙ። ግንዱን በገመድ ጠምጥመው ገመዱን መሬት ላይ ዘረጉና ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በእግራቸው ለኩት። አንዱ 11፣ ሌላው 13 ባለ ጊዜ ክርክር ተነሣ። «ገመዱ አንድ ሆኖ ሳለ ቍጥሩ ለምን ተለያየ?» ስትል መምህርቷ ጠየቀቻቸው። እግሮቻቸውን አስተያይተው ምክንያቱን ራሳቸው ደረሱበት። የመለኪያ ትምህርት መሠረቱ ይህ ነው።

የዛፉን ዕድሜ ለመጠየቅ ወደ የኔታ ሄዱ። የኔታም በልጅነታቸው ከዛፉ ሥር ፊደል እንደ ቈጠሩ፣ ያን ጊዜም ዛፉ ትልቅ እንደ ነበር ነገሯቸው። ሕፃናቱ የኔታም ሕፃን እንደ ነበሩ ሲሰሙ እጅግ ተደነቁ።

ሌላ ወይራ ለማብቀል ደግሞ የወይራ ፍሬና ባቄላ ጐን ለጐን ዘሩ። ባቄላው በሳምንት ከጥቂት ቀን ብቅ አለ። በየሁለት ቀኑ የቡቃያውን ቁመት የሚያህል ክር እየቈረጡ በግድግዳ ላይ ሲደረድሩ ክሮቹ እየረዘሙ ሄዱ። ወይራው ግን ወር ቢጠበቅም አልበቀለም። አንዱ ልጅ ትዕግሥት አጥቶ ቆፍሮ አየው፤ ፍሬው እንደ ተዘራ ነበር። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ተጋብዞ ሲመጣ የወይራ ፍሬ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው በቀላሉ እንደማይበቅል፣ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ቢሰነጠቅ እንደሚፋጠን አሳያቸው። በዱር ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ወደ ሌላ ስፍራ እንደሚያደርሱትም ነገራቸው። «ማን ተከለው?» ለሚለው ጥያቄ ያልጠበቁትን መልስ ያገኙት እንግዲህ ሳይበቅል ከቀረው ዘር ነው። ፕሮጀክት ውስጥ ያልተሳካ ነገር እንዲህ ያስተምራል፤ መምህርቷ በስውር የበቀለ ችግኝ ገዝታ ብትተክልላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር።

ሦስተኛ፦ ማሳየት። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ቅዳሴ ሲፈጸም፣ ሥዕሎቹ፣ ገመዱ፣ ክሮቹና የባቄላው ተክል ከወይራው ሥር ተደረደሩ። ወላጆችም ከልጆቻቸው አንደበት ሰሙ። ሕፃናቱ የተጠና ንግግር አላቀረቡም፤ ስለ ሠሩት ነገር ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልስ ሰጡ እንጂ።

የኋላ ወንበር ልጅ

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በዚያ ክፍል ከኋላ ወንበር የማይነሣ፣ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ነበረ። በመምህርቷ መዝገብ «ደካማ» ተብሎ ተጽፎበታል። ፕሮጀክቱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ይህ ልጅ ፍየሎች የወይራ ቅጠል እንደሚወዱ፣ እናቱም የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ እንደምታጥን፣ ከቀጭኑ ቅርንጫፍ መፋቂያ እንደሚሠራ ለጓደኞቹ ማስረዳት ጀመረ። ከትምህርት በኋላ ፍየል ይጠብቅ ነበርና ከክፍሉ ሁሉ ይልቅ ዛፉን የሚያውቀው እርሱ ነበር። በመጓጓዣ ሥዕሎቼ ፊት ግን ዝም ያለ ልጅ ነበር። መምህርቷ በመዝገቡ የጻፈችውን ቃል ሰረዘችው። ስንት ሕፃን ነው የሚያውቀውን የሚጠይቀው አጥቶ «ደካማ» እየተባለ ወደ አንደኛ ክፍል የሚያልፈው?

«ፊደሉስ?»

በፕሮጀክቱ መካከል ከወላጆች አቤቱታ ቀረበ። «ልጆቻችን ቅጠል ለቅመው ይመለሳሉ፤ ደብተራቸው ባዶ ነው» አሉ። ነገሩም ወደ ሰበካ ጉባኤው ደርሶ «ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ክፍሉ ይከራይ» የሚል አጀንዳ ተያዘ። የአጥቢያው ገቢ አነስተኛ ነበርና አጀንዳውን ያቀረቡት አባት ክፋት አልነበረባቸውም። የወላጆችም ስጋት ተገቢ ነበር፤ ድኻ ወላጅ ለልጁ ያለው ተስፋ ትምህርት ብቻ ነውና በእርሱ ላይ ሙከራ ሲደረግ ሊፈራ ይገባዋል።

መልሳችን ሁለት ነበር። የመጀመሪያው፣ በፕሮጀክት ማስተማር ፊደልን አይተካም የሚል ነው። ጠዋት ከጸሎት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ለፊደልና ለቍጥር ተለይቶ እንዲቀጥል ተደረገ። ፕሮጀክቱ ከዚያ ቀጥሎ አንድ ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የቀረው ጊዜ ለነጻ ጨዋታ፣ ለመዝሙርና ለተረት ነው። ሁለተኛው፣ ፊደሉም ከፕሮጀክቱ ጋር ይያያዝ የሚል ነው። «ወ» ከወይራ፣ «ቅ» ከቅጠል፣ «ፍ» ከፍሬ ጋር ሲማሩ ፊደሉ ትርጕም ያለው ምልክት ይሆናል። ሕፃናቱ ሥዕላቸው ላይ ስም ለመጻፍ ራሳቸው ፊደሉን ይጠይቁ ጀመር።

በማሳያው ቀን የሰበካ ጉባኤው አባላት የፈለጉትን ሕፃን የፈለጉትን ፊደል እንዲጠይቁ መምህርቷ ጋበዘቻቸው። ብዙዎቹ ሕፃናት መለሱ፤ ጥቂቶች ገና ነበሩ፤ ይህንም አልሸሸገችም። አጀንዳው ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ተወሰነ፤ ከዓመት በኋላም አልተነሣም። ሁለት ቤተሰቦች ግን ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ወስደዋል። ሁሉን ማሳመን አልቻልንም። ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት ወላጆችን ሰብስበን ዓላማውን አስረድተን ቢሆን ኖሮ ምናልባት እነርሱም በቆዩ ነበር።

ከሰበካ ጉባኤ የሚጠበቅ

በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ወላጆችንና ማኅበረሰቡን በሥራው ተካፋይ ያደርጋል። በአጥቢያ ደረጃ የሚከተሉት ቢፈጸሙ መልካም ነው።

1. መምህርቷን መደገፍ። ደመወዟ በወሩ ይከፈል፤ ረዳት ይመደብላት። አርባ ሕፃናትን ብቻዋን ይዛ ከክፍል መውጣት አትችልም።

2. የምንጠይቀውን መለወጥ። ትምህርት ቤቱን ስንጐበኝ «ስንት ደብተር ሞላ?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሳምንት ሕፃናቱ ምን ጠየቁ? ምን አገኙ?» እንበል።

3. ርእስን ከአካባቢ መምረጥ። የውኃው ጕድጓድ፣ የንብ ቀፎው፣ የሸክላ ሥራው፣ የእንጀራ መንገድ ከጤፍ እስከ ምጣድ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፤ እነዚህ ሁሉ የሚዳሰሱ ናቸው። ገመድ፣ ባቄላ፣ ከሰል፣ አሮጌ ካርቶንና ጭቃ ካሉ የሚገዛ ዕቃ ብዙ አያስፈልግም።

4. ዐዋቂዎችን መጋበዝ። ካህኑ፣ ሸማኔው፣ ንብ አናቢው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ሁሉም መምህራን ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዳው ንግግር አያድርግ፤ ሥራውን ያሳይ፣ ሲጠየቅም ይመልስ።

5. ደኅንነትን መጠበቅ። የጕድጓድ አፍ ይከደን፤ እንደ ጕሎ ፍሬና አስተናግር ያሉ መርዛም ተክሎች ከሕፃናት መዋያ ይነቀሉ፤ ከውጭ ሲመለሱ እጅ ይታጠቡ። ማንኛውም እንግዳ፣ በማዕርግም ሆነ በዕድሜ የከበረ ቢሆን፣ ከሕፃን ጋር ብቻውን አይተው።

6. ማንንም አለማስቀረት። ዐይነ ስውር ሕፃን ቅርፊቱን በእጁ ይዳስሳል፤ መራመድ የማይችለው ክሩን ይቈርጣል። የሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤት ልጆችም በክፍላችን ካሉ የእነርሱ ጥያቄ በወረቀቱ እኩል ይጻፍ።

7. መዝገብ መያዝ። መምህርቷ በየቀኑ የሁለት ወይም የሦስት ሕፃናትን ንግግርና ሥራ በአጭሩ ትጻፍ። በወር ሁሉም ይዳረሳሉ፤ ከቃል ፈተና ይልቅ ይህ መዝገብ የሕፃኑን ዕድገት ያሳያል።

ለካህናት አባቶች

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም በገነት የተቀመጠው ሊሠራትና ሊጠብቃት እንደ ሆነ እናምናለን። የቤተ ክርስቲያኖቻችን ቅጽር ይህን ቃል በሥራ ጠብቆ ኖሯል፤ በብዙ ስፍራ ዙሪያው ሲራቆት ወይራው፣ ጽዱና ዋንዛው ከቤተ መቅደሱ ዙሪያ ቀርተዋል። ሕፃኑ ስለ እነዚህ ዛፎች ሲጠይቅ የሚመልስለት ካህን ከተገኘ የሥነ ፍጥረትና የእምነት ትምህርት በአንድነት ይሰጣል። ከእናንተ የምንለምነው በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ከሕፃናቱ ጋር ተቀምጦ ጥያቄያቸውን መስማት ነው። መልሱ የማይታወቅ ቢሆን «እኔም አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለት የአባትን ክብር አይቀንስም።

ለውይይት

ይህ ጽሑፍ በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ተነብቦ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ቢወያዩ ይጠቅማል።

ሀ. በቅጥር ግቢያችን ሕፃናት ቆመው የሚያዩት፣ የሚጠይቁበትም ነገር ምንድን ነው?

ለ. በአጥቢያችን ሥራውን ለሕፃናት ሊያሳይ የሚችል ማን አለ?

ሐ. ወላጆችን ስለ አካሄዱ መቼና እንዴት እናስረዳለን?

መ. ለመምህርቷ ረዳትና ጊዜ ለመስጠት ከየትኛው ወጪ መቀነስ እንችላለን?

የዚያ ደብር ወይራ ዛሬም በበሩ አጠገብ ቆሟል። ቅርንጫፉ የተገነጠለበት ስፍራ ጠባሳ ይታይበታል። አዲስ የሚገቡት ሕፃናት በየዓመቱ ጠባሳውን አይተው ምን እንደ ሆነ ይጠይቃሉ፤ መምህርቷም ወዲያው አትመልስላቸውም። «እናንተስ ምን ይመስላችኋል?» ትላቸዋለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።